የይፋግ ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን ከማን ይገዛ ነበር?

ከወረታ ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የርብን ወንዝ ተሻግሮ ብዙ ሳይርቅ ይፋግን ያገኛል። ዛሬ ከሩቅ አገር ለንግድ ብሎ የሚወርድባት መንገደኛ ጥቂት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ይፋግ በበጌምድር ውስጥ ስማቸው ከሚጠራ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከምጽዋ ተነስቶ በዐድዋና በጎንደር የሚወርደው ቅፍለት፣ ከዓባይ ማዶ ተነስቶ በጎጃም በኩል የሚወጣው ቅፍለት፣ የራስ ዓሊ መቀመጫ ከነበረችው ከደብረ ታቦር የሚመጣው ገዢ እዚያ ይገናኙ ነበር። ከይፋግ ሳይርቅ ደግሞ ደሪጣ የምትባል የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። የታሪክ ምሁሩ ዐብዱሰመድ አሕመድ ከ1830 እስከ 1889 እ.ኤ.አ. ስለነበሩት የደሪጣ ሙስሊሞች ጥናት አሳትመዋል። እኛ ግን በደጃችን ስላለፈው ስለዚህ ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር ብዙም አይታይም።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ የወጣቶች ጥያቄ ነው። እኔ ዘንድ ከሚቀሩት መካከል ሒጃብና ዐባያ፣ የልጆች ጫማ፣ የሞባይል ዕቃ ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም የሚሸጡ አሉ። ሱቅ የላቸውም፤ ኪራይም አይከፍሉም። ገዢ ሲገኝ ዕቃውን ከሌላ ሰው ገዝተው ያደርሳሉ። «ኡስታዝ፣ ገዢስ አለ፤ በጅምላ የሚሰጠኝ የታመነ ሰው ከየት ላምጣ?» ይሉኛል። አንዷ ራሱን አከፋፋይ ብሎ ለጠራ፣ ፊቱን ላላየችው ሰው በቴሌብር ገንዘብ ላከች። ፎቶው ያማረ፣ ዋጋው ከሁሉ የረከሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሳም። ገንዘቡ የራሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በሷ ባበቃ ነበር፤ ነገር ግን ከአምስት ደንበኞች አስቀድማ የተቀበለችው ስለነበር እናቷ ሁለት በግ ሸጠው ለሰዎቹ መለሱላት።

ውድ አንባብያን! ይህ ጥያቄ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ስልክ፣ ባንክና ፖስታ ቤት ባልነበረበት ጊዜ የደሪጣ ነጋዴ ከአገሩ የወር መንገድ ርቆ ከሚገኝ ሰው ዕቃ ይገዛ ነበር። እንዴት አመነው? ቢያታልለውስ ወዴት ይሄዳል? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት።

ገበያው ወዴት ነው?

ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድም ያደረጓቸው የመዲናው ሰው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ሀብታቸውን ለሁለት ሊያካፍሏቸው ፈቀዱ። እሳቸው ግን ዱዓ አድርገውላቸው፣ ገበያው ወዴት እንደሆነ እንዲያሳዩዋቸው ብቻ ጠየቁ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩዋቸው። እዚያም በደረቅ አይብና በቅቤ ነገዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ትዳር ለመያዝ በቁ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሥራ ወዳድነት ሲነገር ነው። እኔ ሌላም ነገር አይበታለሁ። ዐብዱረሕማን (ረ.ዐ) በማያውቁት ከተማ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ያቀረቡት ለታመነ የአገሩ ሰው ነው። ከዚያም በእግራቸው ሄደው፣ በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ፣ ዋጋው በዕለቱ የሚታወቅ ዕቃ ያዙ። የደሪጣ ሰዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አላደረጉም።

ሙስሊሙ በዚህ አካባቢ በንግድ የበረታበት ምክንያት የታወቀ ነው። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ርስትም በአብዛኛው አይፈቀድላቸውም ነበር። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለውን አባባል አባቶቻችን በምሬት የሚያስታውሱት ለዚህ ነው። መሬት ያልተሰጠው ሰው ሸማ ሠራ፣ ነገደም። ነገር ግን በዚህ ችግር ውስጥ አንድ በር ተከፍቶለት ነበር። በምጽዋ ያለው ነጋዴ ሙስሊም ነው። ከዓባይ ማዶ በሊሙ እናርያና በጅማ ያሉት መንግሥታትም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስልምናን ተቀብለዋል። ስለዚህ የበጌምድሩ ጀበርቲ ከባሕር ዳርቻ እስከ ግቤ ድረስ በየደረሰበት ገበያ ሰላምታውን የሚመልስለት፣ አብሮት የሚሰግድ ሰው ያገኝ ነበር።

የአሞሌ መሰላል

ዕቃ ከማን ልግዛ ለሚል ሰው አሞሌ ትልቅ አስተማሪ ነው። አሞሌ ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ የሚወጣ የጨው ጡብ ነው። እንደ ዕቃ ይሸጣል፣ እንደ ገንዘብም ይከፈላል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከሚቆረጥበት ምድር እየራቁ በሄዱ ቁጥር በዚያው ዋጋ የሚገኘው የአሞሌ ብዛት እያነሰ እንደሚሄድ ጽፏል። ከ300 ዓመት በኋላም ነገሩ ያው ነበር። በትግራይ ገበያ በአንድ ጠገራ ብር ብዙ አሞሌ ይገኛል፤ ጎንደር ላይ ይቀንሳል፤ ይፋግን አልፎ ጎጃም ውስጥ በሶ ገበያ ሲደረስ እንደገና ይቀንሳል፤ ዓባይን ተሻግሮ እናርያ ሲገባ ደግሞ ጥቂት አሞሌ ይዞ የሄደ ሰው ባለሀብት ነው።

የጅምላ ንግድ ምሥጢር ሁሉ ከዚህ ያልፋል ብዬ አላምንም። እያንዳንዱ ገበያ የመሰላል እርከን ነው። ነጋዴው የሚያተርፈው በታችኛውና በላይኛው እርከን መካከል ካለው ልዩነት ነው፤ ከዚያ ላይ የበቅሎውን፣ የቀለቡን፣ የኬላውን ቀረጥ ይከፍላል። ኬላው ደግሞ ብዙ ነበር፤ በየወንዙና በየበሩ ቀረጥ ተቀባይ ተቀምጧል። ስለዚህ ሁሉም ነጋዴ እስከ ምንጩ አይሄድም። አቅሙ አነስተኛ የሆነው ከይፋግ ጎንደር ወይም ከይፋግ በሶ ይመላለሳል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጎበኘው በሶ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚመጣው ጨውና ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ገበያ ነበር። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ግን ወደ አንዱ ጫፍ እስከ ምጽዋ፣ ወደ ሌላው ጫፍ እስከ እናርያ ይዘልቁ ነበር። እንዲህ ያለው ጉዞ በየገበያው እያረፉ፣ ክረምት ሲገባ ተከዜና ዓባይ እስኪጎድሉ እየጠበቁ ስለሚሄዱት ብዙ ጊዜ ዓመት ያልፈዋል።

ወደ ራሳችን ስንመጣ መሰላሉ አልፈረሰም፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ። ወረታ ያለው ቸርቻሪ ከባሕር ዳር ይገዛል፤ የባሕር ዳሩ ከመርካቶ ይገዛል፤ የመርካቶው አከፋፋይ ከአስመጪው፣ አስመጪው ከዱባይ ወይም ከቻይናዎቹ ከተሞች ከጓንዡና ከዪዉ ይገዛል። በቴሌግራም «አከፋፋይ ነኝ» ብሎ የሚለጥፈው ሰው በየትኛው እርከን ላይ እንደቆመ ግን አይታወቅም። ብዙ ጊዜ እንደናንተው ፎቶ ከሌላ ቦታ አንስቶ የለጠፈ፣ መጋዘን የሌለው ሰው ነው። ዐሥር ሰው አንዱን ፎቶ ይቀባበላል፤ ዕቃው ግን አንድ ቦታ ነው ያለው፤ እሱም ካለ ነው። የደሪጣ ነጋዴ ይህን ቢያይ ይስቅ ነበር፤ የሰው አሞሌ እያሳየ የሚሸጥ ሰው አያውቅምና።

ቤት ያለው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከበጌምድር ተነስቶ ምጽዋ የገባ ሲራራ ነጋዴ ገበያውን በቀጥታ አይጋፈጥም። የሚያርፍበት ቤት አለው። በምጽዋ ይህ አሳራፊ ነዚል ይባላል። ነዚሉ ለእንግዳው ማደሪያ፣ ለዕቃው ማስቀመጫ ይሰጣል፤ ከውጭ ዕቃ ከሚያመጡት ትልልቅ ነጋዴዎች ጋር ያገናኘዋል፤ ስለ ዋጋው ይደራደርለታል፤ ለድካሙም ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳል። በአጭሩ ደላላም፣ አከራይም፣ ዋስም ነበር። በምጽዋ ከነበሩት ሻጮች መካከል በንያን የሚባሉ የህንድ ነጋዴዎች ይገኙበታል፤ እነሱም ለሚያውቁት ነጋዴ ጨርቅና ዶቃ በዱቤ ይሰጡ ነበር። «የሚያውቁት» የምትለዋ ቃል ትሰመርባት። የሚያውቁት በአሳራፊው በኩል ነበር።

ለመሆኑ አሳራፊው ለምን ይታመናል? የሚያጣው ነገር ስላለው ነው። ቤቱ የታወቀ ነው፤ ልጆቹ ከተማው ውስጥ ናቸው፤ ጁሙዓ ቀን በመስጊድ ይታያል። አንድን የደሪጣ ነጋዴ ቢያታልል ወሬው ከሚቀጥለው ቅፍለት ጋር ጎንደር ይደርሳል፤ በዓመቱ ከበጌምድር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሌላ ቤት ያርፋል። እንግዳውም በበኩሉ ዱቤውን ሳይከፍል ቢቀር አሳራፊው ስለሚዋረድ የሚቀጥለው ዓመት የደሪጣ ሰው በር ይዘጋበታል። ሁለቱም ወገን በአንድ ገመድ ታስረዋል። ገመዱን ደግሞ ጋብቻ ያጠብቀው ነበር፤ ነጋዴው በሚመላለስበት ከተማ ዘመድ ያበጃል።

የአንድ ሰው ዋስትና ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ዕቃውም ይመረመራል። ጠገራ ብር የሚባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ እንኳ በዚያው ዓመት ቀን እየተመታ ይወጣ ነበር። የእኛ አገር ሰው ሲቀበለው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች በጣቱ ይቆጥራል፤ ከሥዕሉ ሥር ያሉትን ፊደላት ይፈልጋል፤ የተፋቀውንና የደበዘዘውን አይቀበልም። ዝባድ በቀንድ ውስጥ ተሞልቶ ይመጣል፤ ቅቤና ሌላ ነገር የሚቀላቅልበት አጭበርባሪ ስለነበር የሚያውቅ ሰው በሽታውና በእጁ ይፈትነዋል። ወርቅ በወቄት ይመዘናል። አሞሌ ጠርዙ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ እንዳይሰበርም በልጥ ይታሰር ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሰው እንዲያየው የረጠበውን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ሻጩን የጠየቁትን እናስታውስ። እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ላዩን አይተው አላለፉም። ፎቶ ምንጊዜም የክምሩ ላይ ነው።

ሂሳቡ በጽሑፍ ነበር። ነጋዴዎቹ ከመድረሳ የተማሩት ዐረብኛ ለደብዳቤና ለውል ጠቅሟቸዋል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አያ ላይ በጊዜ የሚከፈል ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት የታዘዘው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። ልጆቻችን ይህን አያ ይቀሩታል፤ በቴሌግራም ሲነግዱ ግን ለ20,000 ብር ዕቃ የሚጻፉት «እሺ ወንድም ላክልኝ» የሚል መልእክት ነው። በነገራችን ላይ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወጣትነታቸው በኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘብ ወደ ሻም የነገዱት ትርፍ በመካፈል ስምምነት ነበር። ገንዘብ ያለውና መንገድ የሚያውቀው የሚተባበሩበት ይህ ሙዷረባ የተባለው ውል በእኛ አካባቢ ቢለመድ፣ ብቻዋን ከማታውቀው ሰው የምትገዛ ልጅ ባልኖረች።

ስለ ደሪጣና ስለ ይፋግ ንግድ በጎውን ብቻ ነግሬ ማለፍ አልፈልግም። በዚያ መንገድ ከቡናና ከዝባድ ጋር ሰውም ይነዳ ነበር። ከዓባይ ማዶ የተዘረፉ ልጆች በነዚሁ ገበያዎች ተሸጠዋል፤ የእኛ ነጋዴዎችም፣ ገዢ የነበሩት መኳንንትም፣ ከወደቡ የሚጭኑትም እጃቸው ነበረበት። የታመነ አሳራፊና የታመነ ውል መኖሩ ንግዱን ሁሉ ሐላል አላደረገውም። ዕቃው ከማን እንደተገዛ ስንጠይቅ፣ ሻጩ ከየት እንዳመጣውም መጠየቅ እንዳለብን ይህ ያሳያል።

መንገዱ ሲዘጋ

ይህ ሁሉ የአደራ መረብ እንዴት ፈረሰ? በአንድ ቀን አልፈረሰም። በ1866 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አዘርፈው አቃጠሉ። በ1878 እ.ኤ.አ. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። እምቢ ያሉት ብዙዎች አገር ጥለው ወደ መተማና ወደ ሌላም ተሰደዱ። በ1888 እ.ኤ.አ. የመሐዲስቶች ጦር ከሱዳን መጥቶ ጎንደርን ወረረ፤ በቀጣዩ ዓመት ንጉሡ መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ጊዜ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ገባ። ከብቱ አለቀ፤ ጭነት የሚሸከም አጋሰስ ከየት ይምጣ?

ከዚህ የተረፈውን ንግድ ባቡር ወሰደው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። ጨርቁም፣ ዶቃውም፣ መርፌውም በዚያ በኩል መግባት ጀመረ። ምንጩ ዞረ ማለት ነው። ቀድሞ ምጽዋን ሲያይ የነበረ ሁሉ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ማዞር ነበረበት። አሳራፊው፣ ዘመዱ፣ ዱቤው ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ የነበረ ነጋዴ ከመንገዱ ጋር አብሮ ወደቀ። በመተማ በኩልም ደንበኛ የነበረው ግን ከተክሩር ነጋዴዎች ጋር ቡናና ጥጥ እየተለዋወጠ ቆየ።

የኋላውን በአጭሩ ላንሳው። በየከተማው የመን ዐረቦች ሱቅ ከፈቱ፤ መሐመዳሊ የተባለው የህንድ ሙስሊሞች ድርጅት በጅምላ እያከፋፈለ ስሙ ገነነ፤ ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. አስወጣው። መርካቶ በአሁኑ ቦታው የተስፋፋውም በዚያው በወረራው ዘመን ነው። ደርግ በ1975 እ.ኤ.አ. የጅምላ ነጋዴን ካፒታል በ300,000 ብር፣ የቸርቻሪን በ200,000 ብር ገደበ፤ ዕቃም በመንግሥት ማከፋፈያና በቀበሌ ሱቅ በኩል የሚታደል ሆነ። ያን ዘመን የኖሩ እናቶች የራሽን ካርድ ይዘው የቆሙበትን ሰልፍ ዛሬም ያወራሉ።

የዛሬው መንገድም ይዘጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ደንበኛቸውም አቅራቢያቸውም ስልካቸው ውስጥ ብቻ የነበሩ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ሁለቱንም አጡ። የአቅራቢያቸውን ሱቅ በእግራቸው ሄደው የሚያውቁት ግን በመኪና ሰው ልከው ዕቃ ያስመጡ ነበር። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የትናንቱን ዋጋ ለጥፎ ዛሬ ከአከፋፋዩ ለመግዛት የሄደ ሰው ምን እንደገጠመው ገምቱ። ዕቃ ሳይዝ የሸጠ ሰው ዋጋ ሲዘል የሚሸሽበት የለውም።

የሌለህን መሸጥ

በዚህ ነጥብ ላይ ዲናችን ቀድሞ ተናግሯል። ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ) ነጋዴ ነበሩ። ሰው ወደሳቸው መጥቶ እሳቸው ዘንድ የሌለ ዕቃ ሽጥልኝ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሸጠውለት ከገበያ ገዝተው ስለመስጠት ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። የሌላቸውን እንዳይሸጡ መለሱላቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ይህ ጥያቄ ከ1400 ዓመት በፊት የተነሳ ቢሆንም፣ በቴሌግራም ፎቶ ለጥፎ ገንዘብ ተቀብሎ ከዚያ በኋላ አቅራቢ የሚፈልገውን ሰው ሥራ በትክክል ይገልጻል። በሌላ ሐዲስም የተገዛ እህል ገዢው ሳይረከበው እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

ታዲያ ገንዘብ የሌለው ወጣት ምን ያድርግ? መንገዱ ጠባብ አይደለም። አንደኛው፣ የአከፋፋዩ ወኪል ሆኖ ለዕቃው ባለቤት መሸጥና የታወቀ የድካም ዋጋ መቀበል ነው፤ ደንበኛው ግን ዕቃው የማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ሁለተኛው ሰለም የሚባለው ውል ነው፤ ገንዘቡ በሙሉ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና የሚደርስበት ቀን አንድም ሳይቀር ይወሰናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለተምር አስቀድመው ሲከፍሉ አግኝተው፣ ስፍሩ፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዋል። ዝርዝሩን ፊቅህ የሚያውቁ ዑለማዎችን ጠይቁ። ሦስተኛውን እኔ አስበልጠዋለሁ፤ ጥቂት ገዝቶ፣ ተረክቦ፣ ቤት አስቀምጦ መሸጥ። አምስት ዐባያ ገዝቶ ጨርቁን የዳሰሰ፣ ስፌቱን የገለበጠ ሰው የኃምሳውን ዐባያ አከፋፋይ ለመምረጥ ዓይን ያወጣል።

አቅራቢውን ፍለጋ ሲኬድም የነዚሉን ቤት የሚተካ ነገር መፈለግ ያስፈልጋል። መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ፣ ጫማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ እየተባለ አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ቦታ መሸጡ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በአንድ ጠዋት የዐሥር ሱቅ ዋጋ ይታወቃል። በመጀመሪያው ቀን ግን ከመግዛት ይልቅ ጠይቆ መመለስ ይሻላል። ከወረታ፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከደብረ ታቦር ሄዶ እዚያ የሚነግድ የአገር ሰው ብዙ ነው፤ የማን ሱቅ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ የተበላሸ ዕቃ የሚቀይረው ማን እንደሆነ እሱ ያውቃል። በደርዘን ሲገዛና በካርቶን ሲገዛ ያለውን የዋጋ ልዩነት ይጠየቅ። ደረሰኝ ይጠየቅ፤ የሸማቾችን መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ደረሰኝ አልሰጥም የሚል ሻጭ ነገ ዕቃው ቢበላሽ አልሸጥኩልህም ሊል ይችላል። ብዙ ገንዘብ መላክ የሚገባው ትንሹ ገንዘብ በሰላም ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ነው። ብቻቸውን አቅም የሌላቸው ሦስት ልጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንዱን ቢልኩ፣ የመኪናውም ወጪ ይቀላል፣ የሚገዙትም ካርቶን ይሞላል።

በመጨረሻ አንድ የምንረሳው ነገር አለ። ወረታ ያለ ወጣት አቅራቢ ፍለጋ መርካቶን ሲያስብ፣ መርካቶ ያለው የእህል ነጋዴ አቅራቢ ፍለጋ ወረታን ያስባል። ፎገራ ሩዝ የሚበቅልባት ሜዳ ናት፤ ወረታ ውስጥ ያሉት የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ከየቀበሌው የሚመጣውን ሩዝ ፈልፍለው በጆንያ ያስጭናሉ። በዚህ ዕቃ መሰላሉ የሚጀምረው ከኛ ነው፤ ሩዙን ለማየት፣ በእጅ ለማፈስ፣ የተሰባበረውን ከሙሉው ለመለየት ማንም አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ግን ሌላ ሐዲስ ይመጣል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕቃ ጭኖ የሚመጣን ሰው ገበያው ሳይደርስና ዋጋውን ሳያውቅ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን ከልክለዋል። በመከር ጊዜ በአህያ ሩዝ ጭኖ የሚመጣውን ገበሬ ከከተማው ውጭ ጠብቆ የሚገዛ ደላላ በየዓመቱ ይታያል። በሐዲሱ መሠረት እንዲህ የሸጠ ሰው ገበያ ገብቶ ትክክለኛውን ዋጋ ሲሰማ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ አለው።